ለሲምቢራ የተጫነ ሽምብራ

ጅማ ደርሼ ተመለስሁ። ይህን የምጽፈው ለማይሄዱት ነው፤ የሚሄድ ሰውማ ራሱ ይየው።

የሄድሁት ለሽርሽር አይደለም። ሽርሽር ሥራ የሌለው ሰው ሥራ ነው። እኔ በምንጃር፣ አረርቲ ከተማ፣ ወፍጮ ቤት አለኝ። የትምህርት ቤት ደጃፉን እንጂ ውስጡን አላውቀውም፤ ፊደል የለየሁት ጆንያ ላይ ከታተመ ጽሑፍና ከአንድ የሞተር መመሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ እጄ የገባውን ሁሉ አነባለሁ። ስለዚህ አማርኛዬ አንዳንድ ቦታ ናፍጣ ናፍጣ ቢሸት አንባቢ አይፍረድብኝ።

የሄድሁት ልጄን ወይንሸትን ይዤ ልመለስ ነበር። ወይንሸት ጅማ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ትማራለች፤ የቀራት ምርምሩ ብቻ ነው። የወረዳችን ግብርና ጽሕፈት ቤት ደግሞ ባለሙያ ይፈልጋል። ኃላፊው ጤፉን የሚያስፈጨው እኔው ዘንድ ነው። አንድ ቀን ዱቄቱን እየጠበቀ፣ «ልጅዎ እስከ ወሩ መጨረሻ ከመጣች ቦታው የእሷ ነው፤ ካለፈ ግን ለሌላ ይሰጣል» አለኝ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ልጅ በመንግሥት ወንበር፣ ያውም ከቤቴ ደጃፍ ቢጣሩ በምትሰማበት ርቀት።

ምርምሩ ያደናቅፈናል ብዬ አልሰጋሁም፤ ምርምሩ ሽምብራ ላይ ነው ብዬ አምን ነበርና። ይህን ያመንሁት በስልክ ነው። ቴሌ ሄጄ ጅማ ስደውል የምትኖርበት ቤት ባለቤት ወይዘሮ ሐዋ አነሱት። መስመሩ እንደ ወፍጮዬ ያጓራል። «ወይንሸት የለችም አባቴ፣ ጫካ ገብታለች!» አሉኝ። «ለምን?» ብዬ ጮህሁ። «ለሽምብራ!» ሲሉ ሰማሁ። ጫካ ውስጥ የሚበቅል ሽምብራ መኖሩ ትንሽ ከንክኖኝ ነበር። ግን ሳይንስ ነው አልሁና ተውሁት። የሽምብራ አገር ደግሞ ምንጃር ነው፤ እዚሁ መጥታ ትመራመር።

ወሬውን ለጎረቤት ነገርሁ። በዚያ ዓመት የሁሉም ሽምብራ ጎተራ ውስጥ ነቅዞ ነበር። ልጄ የሽምብራ ሊቅ መሆኗ ሲሰማ እያንዳንዱ የነቀዘውን በሳህን በሳህን እያመጣ፣ «ትየውና መድኃኒቱን ትላክልን» አለኝ። ተጠራቅሞ ግማሽ ጆንያ ሆነ። ይህን ተሸክሜ ነው እንግዲህ የተነሳሁት።

ሰኞ በሞጆ በኩል አዲስ አበባ ገብቼ የእህቴ ልጅ ቤት አደርሁ። ስለ አዲስ አበባ ሌሎች ብዙ ስለጻፉ እኔ ዝም እላለሁ።

ማክሰኞ ጎሕ ሳይቀድ መርካቶ አውቶቡስ ተራ ደረስሁ። ረዳቱ ጆንያዬን ጣራ ላይ ሲጭን፣ «አባት፣ ምንድነው?» አለኝ። «ሽምብራ ነው፤ ነቀዝ አለበት፣ ተጠንቀቅ» አልሁት። «ነቀዙም ቲኬት ይቁረጥ!» ብሎ ጮኸና ሕዝቡን አሳቀብኝ። በእኛ አገር ሰው ከሽማግሌ ጋር እንዲህ አይቀልድም። ዝም ያልሁት ጆንያው በእጁ ስለነበረ ነው።

እስከ ወልቂጤ ድረስ አገሩ አገሬን ይመስላል፤ ጤፍ ነው፣ ባሕር ዛፍ ነው። የግቤን ቁልቁለት ስንወርድ ሙቀቱ ካፖርቴን አስወለቀኝ። ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን እንደጀመርን ጎማችን ተነፈሰ። የአውቶቡሱ ሬዲዮ ዜና እያሰማ ነበር፤ አገሪቱ በፈጣን የዕድገት ጎዳና ላይ መሆኗን አንዲት ሴት በጥሩ ድምፅ ስትነግረን ሁላችንም ወርደን ድንጋይ ከጎማው ሥር እናስገባለን። ከዚያም የሰኮሩን ከተማ አልፈን ዝናብ ያዘን። ጥቅምት እኩሌታ ላይ! እኛ ዘንድ በጥቅምት የሚዘንብ ዝናብ እህል ያበላሻልና ይረገማል፤ እዚህ ግን ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ጣራው ላይ ሸራ አልነበረም። ጅማ ስንደርስ ጆንያዬ እንደ ስፖንጅ ውኃ ጠጥቶ፣ ነቀዙ ሰጥሞ ሞቷል። ምርምሩ በዚያው አለቀ ማለት ይቻል ነበር።

የወይዘሮ ሐዋ ቤት ቦሳ ኪቶ ሰፈር ነው። ግቢው ጭቃ ነው፣ ጭቃው ላይ አቡካዶ ወድቋል፣ የወደቀውን የሚያነሳው የለም። በእኛ አገር ከዛፍ የወደቀ ፍሬ መሬት ሳይነካ ባለቤት ያገኛል። ወይዘሮ ሐዋ ሙሉ ሴት ናቸው፤ አማርኛውንና ኦሮምኛውን እያደባለቁ እንደ ጅረት ያወርዱታል። ልጄ ግን እቤት አልነበረችም፤ ጌራ ወረዳ ጫካ ውስጥ ነች አሉኝ። ጆንያውን አዩት።

«ይሄ ምንድነው አባቴ?»

«ለወይንሸት ምርምር ነው። ሽምብራ።»

«ለሲምቢራ? እርስዎ ነዎት ከዚያ ድረስ ያመጡት?»

«እኔ ነኝ።»

«ማሻአላህ! ወላሂ እንዲህ ያለ አባት አላየሁም! ግን ማሎ፣ እባክዎ፣ ይበሉታል ብለው ነው?»

«እኛማ በቆሎውም ሲታጣ የምንበላው እሱን ነው» አልኋቸው።

ሴትዮዋ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ እንግዳ ሆኖ አለመሳቅ ነውር ነው። አንባቢን ላለማንከራተት አሁኑኑ ልንገር፤ በኦሮምኛ ሲምቢራ ማለት ወፍ ነው። ወይዘሮ ሐዋ ለወፎች ስንቅ ይዤ የመጣሁ ደግ አባት አድርገው ቆጥረውኛል። እኔ ደግሞ ስለ ሽምብራ ምንም የማያውቁ የከተማ ሴት አድርጌ ቆጥሬያቸዋለሁ። እንዲህ ተከባብረን አመሸን። ዳቦና ማር ሰጡኝ፣ የልጃቸውን አልጋ አስለቀቁልኝ፣ እርጥቡን ሽምብራ ምድጃ አጠገብ ዘረጉልኝ። ጅሬን ኮረብታ ላይ የንጉሥ ቤት አለ፣ ሳያዩ አይሂዱ አሉኝ። የሰው ቤት ላይ አፍጥጦ ማየት አልወድም። አልሄድሁም።

ረቡዕ በአጋሮ በኩል ወደ ጌራ ተነሳሁ። ከአጋሮ ጀምሮ መንገዱ ዳር ሁሉ ቡና ተሰጥቷል፤ ሰው ቤቱ የሚገባው ቡናውን ተሻግሮ ነው። የእኛ አውድማ አቧራ ነው፣ የእነሱ አውድማ ቀይ ነው። ቡና አገር የሚመጣ ሰው ሁሉ ቡናውን ያደንቃል። እኔ ያደነቅሁት መሬቱን ነው። እንዲህ ያለ ጥቁር አፈር ለዛፍ ሲሰጥ ሳይ፣ ጤፍ ቢዘራበት ብዬ አሰብሁ። አጠገቤ ለተቀመጠው ወጣት ነገርሁት። «ጋሼ፣ እዚህ እንዳይሰሙዎት» አለኝ።

ጪራ ከተማ ስወርድ የልጄ አስጠጊ አባ ኦሊ በቅሎ ይዞ ጠበቀኝ። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ቀጭን፣ ቆብ የደፋ ገበሬ ነው። ወይዘሮ ሐዋ ደውለው ነግረውታል። «ኮቱ፣ ና፣ አባ ወይንሸት!» ብሎ ተቀበለኝ። በልጅ ስም መጠራት ደስ አለኝ፤ በእኛ አገር ልጅ ነው በአባቱ የሚጠራው። ጆንያውን ሲጭን ሽታው አስነጠሰው። ውኃ የጠጣው ሽምብራ ወይዘሮ ሐዋ ምድጃ አጠገብ አድሮ ጎንቁሎ ነበር።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሽምብራ። ለምርምሩ።»

«ሽምብራ በዚህ የለም። እዚህ ያለው ቡና ነው፣ ማር ነው፣ ጦጣ ነው።»

«ታዲያ ልጄ የምታጠናው ምንድነው?»

«ሲምቢራ!»

«እሱን እኮ ነው የምልህ፣ ሽምብራ!»

«ሲም-ቢ-ራ!» አለ አባ ኦሊ። ልጓሙን ለቀቀና ሁለት ክንዶቹን እያርገበገበ ገበያ መሐል ዘለለ፣ ቀጥሎም አፏጨ። የገበያው ሰው ቆሞ አየን።

«ወፍ?» አልሁ።

«ኤዬ! ወፍ!»

በቅሎዋ ላይ እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ወፍ! ወፍ እኛ ጤፍ ማሳ ላይ በወንጭፍ የምናባርረው ነገር ነው። ለግብርናው ኃላፊ ምን ብዬ ላቀርባት ነው? ለጎረቤቶቼስ? መንገዱን በሙሉ አንድ ቃል አልተናገርሁም። አባ ኦሊ ደክሞኝ መሰለውና ሁለት ጊዜ ማር አቀመሰኝ። የጌራ ማር ነጭ ነው፤ ንዴት ላይ ሆኜም ጣፋጭነቱን ለመካድ አልቻልሁም።

ቤቱ ስንደርስ ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። አባ ኦሊ እስላም ነው፤ እሱ ያረደውን እንደማልበላ ያውቃል። እኔው ልረድ ብል ደግሞ እንግዳ ቢላዋ አይዝም። ስለዚህ ከወንዙ ማዶ የሚኖር ሳሙኤል የሚባል የከምባታ ሰው ለምኖ፣ ዶሮ ሰጥቶ አሳርዷል። ሳሙኤል ቡና ለቀማ መጥቶ እዚያው የቀረ ጴንጤ ነው። ወጡን ሚስቱ በራሷ ድስት ሠርታ፣ እሱ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ወንዝ አሻግሮ ይዞት መጣ። መሐል ላይ አስቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ።

ያ ቀን ረቡዕ ነው። ጾም ነው። ልናገር አፌን ስከፍት ጸሎቱ ተጀመረ፣ የሚጸልይ ሰው ደግሞ አይቋረጥም። ሳሙኤል ለእንግዳው ጸለየ። ለቤቱ ጸለየ። ለመንግሥት ባለሥልጣናት ማስተዋል ለመነ፣ ለቡና ዋጋ ለመነ፣ ለበቅሎዋ እግር ለመነ። ወጡ መቀዝቀዝ ጀመረ። ለልጄ ለወይንሸት፣ ወፎቿን እንድታገኝ፣ ረጅም ልመና አደረሰ፤ እኔ አሜን ማለት ያቃተኝ እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻ «አሜን» ሲል፣ «ረቡዕ ነው» አልሁ።

ሳሙኤል ዓይኑን ገለጠ።

«ጾም ነው?» አለ አባ ኦሊ ጭንቅላቱን ይዞ። «እኔ ደግሞ ክርስቲያን ስላረደው አልበላም።»

ሁለታችንም ሳሙኤልን አየነው። ሳሙኤል ድስቱን አየ። «እኔ ምንም የለብኝም» አለ በትሕትና። አጠገባችን ተቀምጦ አጥንቱን ሳይቀር በላት። የአባ ኦሊ ባለቤት ዘሃራ ለእኔ የበቆሎ ቂጣ፣ ጎመንና ጎደሬ አቀረበች። ይህን ሁሉ ድካም ለእኔ ብለው ነው የደከሙት። ሃይማኖታችን ሦስት ሆኖ ለአንዲት ዶሮ አልተስማማንም፣ ግን ማንም ሳይቀየም ተነሳን። ከዚህ የሚበልጥ መስተንግዶ በአገሬም አላየሁ።

ልጄ ከጫካ የመጣችው ፀሐይ ልትገባ ስትል ነው። እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣ በፕላስቲክ ቦቲ፣ አንገቷ ላይ የሩቅ ማያ መነጽር አንጠልጥላ። ጉልበቴን ሳመች። ስለ ጉዞዬ እንኳ እንድትጠይቀኝ ጊዜ ሳልሰጣት፣ «ወፍ ነው አሉኝ» አልኋት።

«አዎ አባዬ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬዎት ነበር፤ "የዱር ሕይወት" ብዬ። "በርቺ" አሉኝ።»

ይህ እውነት ነው። ስለ ግብርናው ቦታ ነገርኋት፤ ወሩ ሳያልቅ መምጣት እንዳለባት። አንገቷን ደፋች። ምርምሩን ለመጨረስ ሌላ አንድ የዝናብ ወቅት እዚህ መቀመጥ አለባት። አሁን ከሄደች የለፋችው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ካልሄደች ቦታው የሌላ ነው። አባቷን ጥሳ እንደማትቀር ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ስለዚህ ፍርዱ በእኔ እጅ ነበር።

«ይህቺ የምታጠኛት ወፍ ነቀዝ ትበላለች?» ብዬ ጠየቅኋት፤ ለጎረቤቶቼ የምወስደው ቃል ፍለጋ።

«አይ። ወደ ምንጃርም አትመጣም። ከአገራችን ደጋ ጫካ በቀር በዓለም ላይ የለችም። ደጋው ለእሷ ደሴት ነው አባዬ፤ ዙሪያውን ያለው ቆላ እንደ ባሕር ነው፣ አትሻገረውም።»

ከግቤ ቁልቁለት በኋላ ይህ ገባኝ። እኔም ያንን ባሕር የተሻገርሁት ካፖርቴን አውልቄ ነው።

«ፈረንጆቹ ምን ይሏታል?»

«የድመት ወፍ።»

«ድመት ወፍ ትበላለች እንጂ! እሺ፣ ለምን ትጠቅማለች?»

«አላውቅም» አለችኝ። የተማረ ሰው ይህን ቃል ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ወፍጮ ቤቴ ብዙ የተማረ ሰው ይመጣል፣ ሞተሬ ሲበላሽም ሁሉም ምክንያቱን ያውቃል። ያም ሆኖ ሐሳቤን አልለወጥሁም። «ዓርብ ጠዋት አብረን እንሄዳለን» አልኋት። «እሺ» አለች።

ሐሙስ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ጫካዋ ስትሄድ እኔም ልየው ብዬ ተከተልኋት፤ አባ ኦሊም መጣ። ቡናው እስኪያልቅ ድረስ ወጣን፤ ከዚያ በላይ ዛፉ ሰማዩን ይዘጋል። በእኛ አገር ዛፍ በባለቤቱ ስም ይታወቃል፤ እዚህ ባለቤት የሌለው ዛፍ እንደ ሣር ነው። ሥራዋ እንዲህ ነው። በዛፍ ላይ ምልክት ካሰረችበት ቦታ ትቀመጣለች፣ ሰዓቷን ታያለች፣ የተወሰነው ደቂቃ እስኪያልፍ ድረስ ታዳምጣለች። በዚያ መሐል ወፏን ከሰማች ትጽፋለች። ይኸው ነው። ለዚህ ነው አገር ያስተማራት።

ተቀመጥን። እርጥበቱ ጉሮሮዬን ያዘው፣ ጉንዳኑ ደግሞ በሱሪዬ ውስጥ ሽቅብ ጉዞ ጀመረ። አንዴ ሳልሁ። ሁለተኛ ስስል ልጄ ዞራ፣ «ዝም ይበሉ አባዬ!» አለችኝ። በአንቱታ ነው፣ ግን ተግሣጽ ነው። ሰው እንዲህ ያለኝ አባቴ ከሞቱ ወዲህ የለም። ልቆጣ ነበር። ግን እኔም ሞተር ሲዞር የሚያወራኝን ሰው ከወፍጮ ቤት አስወጣለሁ፤ ስለዚህ ዋጥሁት፣ ሳሉንም ቁጣውንም።

ምንም አልተሰማም። ሰዓቷን አየችና «የለም» ብላ ጻፈች።

አባ ኦሊ ተናደደ። «ትናንት እዚሁ ነበሩ! ቤታቸው ይሄ ዛፍ ነው! አባትሽ ስለሳለ ነው እንጂ አሉ። ማሎ፣ ጻፊ!»

«አልሰማሁም አባ ኦሊ።»

ዕቃችንን ሰብስበን ስንነሳ ከራሳችን በላይ ጀመረ። እንደ ጥሩ ደብተራ የሚያዜም ነገር፣ አንዱን ዜማ ሳይጨርስ ወደ ሌላው የሚሸጋገር። በመሐሉ ደግሞ ሌላ ድምፅ፣ የሚያንኳኳ የሚያጉረመርም፣ እየተቀበለ ይሄዳል። አንድ ወፍ መስሎኝ ነበር። «ሁለት ናቸው» አለች ልጄ በሹክሹክታ። «ወንዱ ያዜማል፣ ሴቷ ትቀበላለች።» ቀና ብዬ አየኋቸው። አመዳም ናቸው፣ ግንባራቸው ነጣ ይላል፣ ከጭራቸው ሥር እንደ ዝገት ቀይ። ለመልክ ዶሮዬ ትሻላለች። ድምፁ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ አፌን ከፍቼ ነው የሰማሁት። በእኔ ቤት ሚስቴ ታዜማለች፣ እኔ አጉረመርማለሁ፤ እንዲህ ተስማምቶ ግን አያውቅም።

«ጻፊ እንጂ!» አልኋት።

«ሰዓቱ አልፏል አባዬ። የሚቆጠረው በሰዓቱ ውስጥ የተሰማው ብቻ ነው።»

«ይኸው እየጮኹ! ራስሽ ላይ ናቸው! አንድ መስመር ጻፊ፤ ማን ያያል?»

ይህ ከእኔ አፍ ወጣ። ልጆቼን በሙሉ «ማን ያያል የሚል ሰው ሌባ ነው» እያልሁ ያሳደግሁ እኔ፣ ለአንዲት ወፍ ስል። ወይንሸት አየችኝ። አልተቆጣችም።

«አባዬ፣ እርስዎ ነዎት እንዲህ የሚሉት?» አለችኝ።

አባ ኦሊ ፊቱን አዙሮ ዛፍ መመርመር ጀመረ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ወፎቹ እስኪጠግቡ አዜሙ፤ ወረቀቷ ላይ ግን «የለም» እንዳለ ቀረ። ጭቃውን ቁልቁል ስወርድ አንድ ነገር ብቻ አስብ ነበር። ይህቺን ልጅ ከዚህ አንስቼ ወስጄ፣ ሪፖርት በየሩብ ዓመቱ «ዕቅዱ ከመቶ በላይ ተከናውኗል» ተብሎ የሚጻፍበት ወንበር ላይ ላስቀምጣት ነው። ወይ ወንበሩ ይሰበራል፣ ወይ ልጄ።

ቤት ስንደርስ ዘሃራ የጎነቆለውን ሽምብራ ከመሞቱ በፊት ጓሮዋ ላይ ተክላው አገኘን። «ይበቅላል?» አለችኝ። ለዚያ ጭቃ ሽምብራ አይሆንም፤ ግን «እንጃ» አልኋት። ልጄ ሻንጣዋን ልታዘጋጅ ስትገባ፣ «ተይው፣ ቦቲሽን እጠቢ» አልኋት። ቆማ ጠበቀችኝ። «ለግብርናው ኃላፊ ሽምብራ አታውቅም እለዋለሁ። ውሸት አይደለም። ጎረቤቶቼንም ነቀዛችሁ ውኃ ገብቶ ሞቷል እላቸዋለሁ። እሱም ውሸት አይደለም።» አልቅሳ እንዳታስለቅሰኝ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ዓርብ ጪራ አውቶቡስ ላይ አባ ኦሊና ወይንሸት ሸኙኝ። አባ ኦሊ የማር ቅል ጉልበቴ ላይ አስቀመጠ። ልጄ በሩ ላይ ጎንበስ ብላ፣ «አባዬ፣ ይመርቁኝ» አለችኝ። የማውቃቸው ምርቃቶች ሁሉ ስለ እህል፣ ስለ ትዳርና ስለ ልጅ ናቸው። ለወፍ የሚሆን አንድም አልነበረኝም። ረዳቱ፣ «አባት፣ ቶሎ ይበሉ፣ በሩ ይዘጋ!» ይላል።

«ያልሰማሽውን ሰማሁ ከማለት ይጠብቅሽ» አልኋት። «አባትሽ ቢያዝሽም።»

«አሜን» አለች። አባ ኦሊ «አሚን» አለ። አውቶቡስ ሙሉ ሕዝብም ነገሩን ሳያውቅ አሜን ብሎ ጮኸ። ስንነሳ አጠገቤ የተቀመጡት ነጠላ የለበሱ እናት ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጅዎ ዳኛ ናት እንዴ?»

«አይደለችም። ወፍ ትቆጥራለች።»

«የመንግሥት ሥራ ነው?»

«አይደለም» አልኋቸው፤ «የራሷ ነው።»